የሰማንያው ረድፍ

በእኛ አገር «እንደምን አደርክ» አይባልም። ሰው ሰውን ጠዋት ሲያገኝ «ለምን ነቃህ?» ይለዋል፤ የተጠየቀውም የነቃበትን ምክንያት ይናገራል። ግንበኛው «ግድግዳ ላቀና ነቃሁ» ይላል፤ አዋላጇ «ሕፃን ልቀበል ነቃሁ» ትላለች፤ ከዚያ ጎንበስ ተባብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። መልሱን ሰው በሃያ ዓመቱ አንድ ጊዜ መርጦ በሰላምታ ሸንጎ መዝገብ ያስገባዋል፤ እስኪሞት ድረስም አይለውጠውም። መልስ ያጣ ሰው «ያልነቃ» ይባላል። ያልነቃን ሰው ማንም ሰላም አይለውም፣ ባለሱቁ አይሸጥለትም፣ ሲሞትም አይለቀስለትም፤ ያልነቃ ሰው አንቀላፋ ሊባል አይችልምና። ይህን የሚሰሙ እንግዶች ጨካኞች ይሉናል። እንደ እኛ ሰላምታ የሚወድ ሕዝብ ግን አላየሁም።

እኔ ምናሴ እባላለሁ፤ በአገሩ ትልቅ ትምህርት ቤት ጽሑፍ ገልባጭ ነበርኩ። ሌላው የሞነጫጨረውን እኔ በጥሩ ብዕር ንጹሕ አድርጌ አወጣለሁ። በሃያ ዓመቴ ያስመዘገብኩት መልስም «ንጹሕ ጽሑፍ ላወጣ ነቃሁ» የሚል ነው። ይህን ሰበብ ልፈልግበት ብዬ አይደለም የምናገረው፤ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

የምገለብጥላት ሰው ትርንጎ ተገኝ ትባል ነበር፤ በምክር ትምህርት ፕሮፌሰር ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር እጇን የምታወናጭፍ፣ ሻይዋ ሳይጠጣ የሚቀዘቅዝባት ሴት ነበረች። አባቷ አያ ተገኝ ታንኳ ቀዛፊ ነበሩ። ከተማችንን ወንዝ ለሁለት ስለሚከፍላት፣ አርባ ዓመት ሙሉ ሙሽራውንም ሬሳውንም ከወዲህ ወዲያ ያሻገሩ እርሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት «ለምን ነቁ አያ ተገኝ?» ሲባሉ «ሰው ላሻግር ነቃሁ!» ሲሉ ድምፃቸው ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ድልድይ ተሠራ።

ድልድዩ ጥሩ ድልድይ ነው፤ ሐሜት የለብኝም። አያ ተገኝ ግን ታንኳቸው ዳር ላይ ተገልብጦ ሲበሰብስ፣ እርሳቸው መቅዘፊያቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው በየጠዋቱ ድልድዩ አፋፍ መቆማቸውን አልተዉም። በድልድዩ የሚያልፈው ሁሉ «ለምን ነቁ?» ይላቸዋል። «ሰው ላሻግር ነቃሁ» ይላሉ፤ ዓይናቸው ግን መሬት መሬት ያያል። ጠያቂውም በእግሩ ይሻገራል። ሌላ መልስ እንዲመርጡ ሕጉ አይፈቅድም፤ ዝም ቢሉ ደግሞ ያልነቃ መሆን አለ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ዋሹ። እንደሚዋሹ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አልተናገረም።

ትርንጎ ጥናቷን የጀመረችው ለዚህ ነው። በመግቢያው ላይ «የሰው ዓላማ በዕድሜ ዘመኑ እንዴት እንደሚያድግ ለመመርመር» ብላ አስገልብጣኛለች። ለእኔ ግን አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሽ ምናሴ፣ አባባ አንድ ቀን ቀና ብለው ሌላ መልስ ሲመልሱ ሰምቼ ብሞት አይቆጨኝም። ሰው በሃምሳውም በሰባውም አዲስ ምክንያት ሊያገኝ እንደሚችል ካስረዳሁ ሸንጎው ሕጉን ይለውጣል። መለወጥ አለበት።»

«ይለውጣል እንዴ?» አልኳት።

«ማስረጃ ይዤ ከሄድኩ ምን ይላሉ?»

ብልህ ሴት ነበረች፤ ሸንጎ ግን ገብታ አታውቅም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስትጠይቅ ኖረች። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው፣ ከልጅ እስከ ሽማግሌ፣ አንዳንዱን በየአምስት ዓመቱ እየተመለሰች። ጠዋት በመንገድ አልነበረም የምትጠይቃቸው፤ ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ቁጭ ብላ «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ዛሬ ለምን ነቃህ?» ትላቸዋለች። በመዝገብ ያለው መልስ ከእውነተኛው ጋር የገጠመለት ሰው ከሠላሳ አይበልጥም። «ሥጋ ልቆርጥ ነቃሁ» እያለ የጎረምሳነት ዘመኑን የጨረሰ አንድ ባለልኳንዳ፣ ከቄራው ጀርባ የተከላት አንዲት ሾላ ጥላ እስክትጥል ለማየት እንደሚነቃ ነግሯት አለቀሰ። አንዲት የሥልሳ ዓመት ዳኛ ዋሽንት እየተማረች ነበር፤ በድብቅ፣ ትራስ የዋሽንቱ አፍ ላይ አድርጋ። «ገና አላወቅሁም፣ እየፈለግኩ ነው» የሚላት ሰው ስታገኝ ደግሞ ፊቷ ይበራል፤ በቀይ ታሰምርበታለች። «ጋሽ ምናሴ፣ ሥሩ ይኼ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚበቅለው» ትለኝ ነበር። አባቷን ብቻ አልጠየቀችም። አጥኚ የሥጋ ዘመዱን አይጠይቅም የሚል ደንብ አለ፤ እርሷም ደንብ ታከብራለች። ቤት ውስጥ ጠዋት «አባባ፣ ለምን ነቁ?» ትላቸዋለች፤ «ላሻግር» ይሏታል፤ እንጀራቸውን ይቆርሳሉ።

ጥናቱ ዘጠኝ መቶ ገጽ ሆነ። በመጨረሻው ገጽ አንድ ሰንጠረዥ አለ፤ በየዕድሜው የበዛው መልስ ምን እንደሆነ ያሳያል። የሃያ ዓመቱ ረድፍ «ራሴን ላውቅ»፣ የሠላሳው «ልገነባ»፣ የአርባውና የሃምሳው «ልጅ ላሳድግ»፣ የሥልሳው «ልመክር»፣ የሰባው «ልመርቅ»። የሰማንያው ረድፍ ባዶ ነበር። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ያገኘቻቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው አይሰሙም፣ ሁለተኛው ጥያቄውን ለመመለስ ሲያስቡ አረፉ፣ ሦስተኛዋ «ነገ ነይ» ብለዋት ነገ አልተገኙም። «ክፍት ይሁን» አለችኝ። «ባዶ ቦታ ማለት ገና አልጠየቅንም ማለት ነው።»

ስገለብጠው ያ ባዶ ቦታ ዓይኔን ወጋው። ሰንጠረዡ ከላይ እስከ ታች ሞልቶ፣ ታች ሲደርስ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት። እኔ ደግሞ ንጹሕ ጽሑፍ ላወጣ ነው የነቃሁት። ብዕሬን ነከር አድርጌ አንዲት ቀጭን፣ ቀጥ ያለች ሰረዝ አሰመርኩበት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ያን ጊዜ ግን ወረቀቱን ራቅ አድርጌ አይቼ ደስ አለኝ።

የሰላምታ ሸንጎው አለቃ ሊቀ ሰላምታ ይባላል፤ ያን ጊዜ በሹመቱ የነበረው ዘርጋው ነው። ለስለስ ያለ፣ ሰው የማይሰድብ፣ ሲያደምጥ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። ትርንጎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትናገር ስለ ሾላዋም፣ ስለ ዋሽንቱም፣ «እየፈለግኩ ነው» ስላሉትም አወራች። እኔ ዘጠኝ መቶውን ገጽ ተሸክሜ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ስትጨርስ ሸንጎው አጨበጨበ።

«ድንቅ ነው» አለ ሊቀ ሰላምታ ዘርጋው። «እንግዲህ ሰው በዕድሜው ሁሉ ዓላማው ይለወጣል ነው የምትዪው?»

«አዎን ጌታዬ! ይለወጣል፣ ያድጋል፣ አንዳንዴም ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል።»

«ተቀብለናል። መጽሐፉ ትንሽ ወፍሯል። ሰንጠረዧ ግን ታስኬዳለች።» ወረቀቷን አንሥቶ ወደ መስኮቱ አዞራት። «ከእንግዲህ ሕዝቡ በየዕድሜው ረድፍ ይመልስ። ይህቺስ፣ ሰማንያ ላይ ያለችው ሰረዝ ምንድን ናት?»

ትርንጎ ተጠጋች። «ሰረዝ? እኔ ሰረዝ አላደረግሁም። ባዶ ነው የተውኩት።»

ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ ጫማዬን አየሁ፤ የቀኙ ክር ተፈትቶ ነበር።

«ሰረዝ ማለት ‹የለም› ማለት ነው» አለ ዘርጋው፤ ሲናገር ያዘነ ይመስላል። «ሃያ ሁለት ዓመት ተመርምሮ ከሰማንያ በኋላ ምክንያት አልተገኘም። እኛም ስንጠረጥር ነበር።»

«አይደለም ጌታዬ፣ ገና አልጠየቅንም ማለት ነው!»

«ልጄ፣ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ተጽፏል።»

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብላ «ጋሽ ምናሴ፣ ሰረዟን ያሰመሩት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። ክፉ አጠያየቅ አልነበረም።

«እኔ እንዳገኘሁት ነው የገለበጥኩት» አልኳት።

«ደክሞኝ ነበር» አለች። «ሳላውቀው እጄ አስምሮት ይሆናል።» ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያሰመረችው እርሷ እንደሆነች አምና ኖረች።

ሕጉ በወሩ ታወጀ። ሃያ የሞላው ሁሉ ራሱን ለማወቅ መስተዋት ይዞ ይዞር ጀመር፤ ገበያው ውስጥ ሰው ከሰው ሲጋጭ የሚሰበረው መስተዋት እግር አያስረግጥም። ሠላሳ የሞላው ፀጉር አስተካካይ ሲገነባ እንዲታይ መቀሱን በአንድ እጁ፣ ድንጋይ በሌላው ይዞ ይሠራል። አርባ የሞላው መካን ከጎረቤት ልጅ በተራ ይዋሳል። ሥልሳዎቹ ግን ለብቻቸው ናቸው፤ መምከር ስላለባቸው መካሪ እንጂ ተመካሪ ጠፋ። ሥልሳ የሞላው ሰው ሲመጣ ያየ ሁሉ አጥር ይዘላል። አንድ ጎልማሳ ሦስት መካሪዎች አሯሩጠውት ጉድጓድ ገብቶ እግሩ ቢሰበር፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተሰብስበው ስለ ጥንቃቄ መከሩት። ዳኛዋ ሥልሳ ስለሆነች ዋሽንቷን ተቀማች። ባለልኳንዳው አርባዎቹ ውስጥ ነበርና ሾላው ልጅ አይደለም ተብሎ ተቆረጠ። ትርንጎ ሾላው የተቆረጠ ዕለት እኔ ክፍል ገብታ ወንበር ላይ ጥቂት ተቀምጣ ወጣች።

ሰማንያ የሞላቸው ደግሞ ሰላምታቸው ቀረ። በክፋት አይደለም። ባለሱቁ «ምን ላድርግ፣ ጥናት ነው» ይል ነበር።

አያ ተገኝ ሰባ ዘጠኝ ነበሩ።

ትርንጎ ለሸንጎው አቤት አለች። ከሰማንያ ያለፈ አንድ ሰው ቀርቦ ተገቢ መልስ ከሰጠ ረድፉ ይሞላል ተባለች። ደስ ብሏት ስትወጣ ጠርተው መለሷት፤ ሰማንያ የሞላው ሰው እንዳይጠየቅ ሕጉ ይከለክላል፤ ሰባ ዘጠኝ ላይ ያለ ሰው መልስ ደግሞ ለሰባው ረድፍ ነው የሚቆጠረው። ሸንጎው በዚህ ሦስት ቀን መከረ። በመጨረሻ አያ ተገኝ የተወለዱት ፀሐይ ስትጠልቅ እንደነበር መዝገብ ላይ ተገኘ፤ እንግዲህ በልደታቸው ቀን፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ሰባ ዘጠኝም ሰማንያም ናቸው ተብሎ ተፈረደ። ዘመድ አይጠይቅም የሚለውም ደንብ ለዚያች ሰዓት ተነሣ።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አቀረቧቸው። መቅዘፊያቸውን በር ላይ ተቀበሏቸው። እጃቸው የሚይዘው አጥቶ ጋቢያቸውን ይዳብስ ነበር። ትርንጎ ፊት ለፊታቸው ቁጭ አለች፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፊት እንደተቀመጠችው ማለት ነው።

«አባባ፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ። ዛሬ ለምን ነቁ?»

«እውነቱን?»

«እውነቱን።»

ሽማግሌው ሸንጎውን ዞር ብለው አዩ፤ ከዚያ ልጃቸውን። «ድልድዩ ከቆመ ወዲህ ሰው ላሻግር ነቅቼ አላውቅም። ውሸቴን ነው የኖርኩት፤ ይቅር በዪኝ።» «ጠዋት ማጀት ውስጥ የሳህኑ ድምፅ ይሰማኛል። ቀጥሎ አንቺ ትመጪና ‹አባባ፣ ለምን ነቁ› ትዪኛለሽ። እሷን ለመስማት ነው የምነቃው። ሌላ የለኝም ልጄ። ሌላ ነገር ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።»

ትርንጎ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ይህን መልስ ጻፍኩት። እንደዚያ የሚያምር መልስ ከዘጠኝ መቶው ገጽ ውስጥ አልነበረም።

ሊቀ ሰላምታ ዘርጋው ዓይኑን ገለጠ። «አሳዛኝ ነው» አለ። «ነገር ግን አያ ተገኝ፣ ሰው ሰላም የሚባለው የነቃበት ምክንያት ስላለው ነው። ምክንያቱ ሰላም መባል ከሆነማ ሰላምታው በምን ይቆማል? ሃያ ሦስት ዓመት ሐሰት መመለስዎን ለሽበትዎ ስንል ይቅር ብለናል። ረድፉ እንዳለ ይቆያል።»

ከመስኮቱ ባሻገር ፀሐይዋ ጠለቀች። ሸንጎው ተነሥቶ ሲወጣ ለአያ ተገኝ እጅ የሚነሣ አልነበረም። እርሳቸው ከልማድ የተነሣ ለሁሉም ጎንበስ አሉ።

ሰማንያ የሞላውን ሰላም ያለ ሰው የራሱ መልስ ከመዝገብ ይፋቃል። ትርንጎ ግን ቤት ውስጥ በር ዘግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ለምን ነቁ?» ትላቸው እንደነበር ኋላ ነገረችኝ። አሥራ ሰባት ጠዋት እንዲህ አሳለፉ። «ዳኛዋ ዋሽንት እንደምትነፋው ነበር የማወራቸው» አለችኝ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሸንጎው ድልድዩ መግቢያ ላይ ሰንጠረዡን በድንጋይ አስቀርጾ ሊያቆም ነበርና፣ ሊቀ ሰላምታና ሁለት የሸንጎ ሰዎች ገና ሲነጋ ከቤቷ በር መጥተው ወሰዷት። ሽማግሌው ቀድመው ወጥተው ነበር። ድንጋዩ ላይ በትልቁ «የትርንጎ ሰንጠረዥ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሰረዟም ታች ተቀርጻለች፣ ከእኔዋም አምራ። እኔ የጽሕፈት ሳጥን ተሸክሜ ከኋላ እሄዳለሁ። አያ ተገኝ እንደ ሁልጊዜው መቅዘፊያቸውን ይዘው አፋፉ ላይ ቆመዋል። ልጃቸውን ሲያዩ ቀና አሉ። የጠዋቷ ጥያቄ ገና አልደረሰቻቸውም።

ትርንጎ አጠገባቸው ስትደርስ እርምጃዋ ተያዘ። ዘርጋው ዞር ብሎ አያት፣ በደግነት። እርሷ ፊቷን ወደ ወንዙ መለሰች። ወንዙ ምንም አልነበረበትም። አለፈች።

የአያ ተገኝን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ፤ አልጽፈውም።

ማታ ተንበርክካ እግራቸው ሥር ወድቃ ለመነቻቸው። ራሷን ዳበሷት እንጂ አልተቆጧትም። በአራተኛው ቀን አልነቁም። ያለ ምክንያት የሚነቁ ሰው አልነበሩም። አልተለቀሰላቸውም፤ ትርንጎና ቆፋሪው ብቻ ቀበሯቸው። እኔ ያን ዕለት ሥራ ነበረኝ።

በማግሥቱ ሊቀ ሰላምታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኛትና «ለምን ነቃሽ ፕሮፌሰር?» አላት። አርባ ስድስት ዓመቷ ስለነበር መልሱ ሰንጠረዧ ላይ አለ።

«አልነቃሁም» አለችው።

ዘርጋው ጎንበስ ሊል የጀመረውን አንገቱን አቃና፤ አልፏት ገባ። ከዚያ በኋላ ያናገራት የለም። በርጩማ ወስዳ አባቷ ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አጋድማ። አሥር ዓመት እዚያ ዋለች። ላልነቃ ሰው መስጠት አይፈቀድም፤ መርሳት ግን አልተከለከለም። ሰው ድልድዩ መደገፊያ ላይ ዳቦ ይረሳል፣ ፎጣ ይረሳል። እኔም ብዙ ዳቦ ረስቻለሁ። ድፍረቴ እስከዚያ ነበር።

አንድ ነገር ግን ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ሰማንያ ሲሞላኝ የሚፋቅብኝ መልስ አይኖረኝም፤ ያን ቀን ፊቷ ቆሜ «ለምን ነቃሽ?» ብዬ እጠይቃታለሁ፤ ከዚያም ሰረዟን ያሰመርኩት እኔ ነኝ፣ እጅሽ ንጹሕ ነው እላታለሁ። አሥር ዓመት ይህን ሳጠና ኖርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ? እኔ ውሻው ነኝ፤ ጅቡ እስኪሄድ እየቆጠርኩ ነበር።

ሰማንያ የሞላኝ ዛሬ ነው።

ጠዋት የክት ልብሴን ለብሼ ወደ ድልድዩ ወረድኩ። በርጩማው አለ። መቅዘፊያው መደገፊያውን ተደግፎ ቆሟል። ሦስት የተረሱ ዳቦዎች ሳይነኩ ደርቀዋል፤ አንደኛው የእኔ ነው። እርሷ የለችም።

የድልድዩ ዘበኛ በላቸው ይባላል። ትናንት ሻይ የጋበዘኝ፣ ስለ ልጁ ሠርግ ሲያጫውተኝ የቆየ ሰው ነው።

«በላቸው፣ ትርንጎ የት ሄደች?» አልኩት።

በራሴ ላይ አሻግሮ ድንጋዩን አየ፤ ታችኛውን ረድፍ።

«አሟት ነው? ወይስ... ንገረኝ እንጂ ልጄ! ሞታለች?»

ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ይህን አይቻለሁ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ከዚያ ወደ ወንዙ ዞረ።

ሌላ የምነግረው ሰው ስላልነበረ፣ ለእርሷ ያጠናሁትን ለበላቸው ነገርኩት። ስለ ባዶው ረድፍ፣ ስለ ብዕሬ፣ ደረጃው ላይ ስለዋሸኋት ውሸት፣ አንድም ሳላስቀር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኩት። ከማዶ የሚመጡ ሰዎች በመካከላችን እያለፉ «ለምን ነቃህ በላቸው?» ይሉታል።

«ልጅ ላሳድግ ነቃሁ» ይላል።